ሽማግሌ የተላከበት ሻጭ

አንድ ሰው አብሯችሁ እንዲቆይ ለምናችሁት፣ እሺ ካለ በኋላ ፊቱ ሲጠቁር አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አይቻለሁ፤ በደርግ ጊዜ፣ ጅማ ውስጥ፣ በአባቴ የልብስ ሱቅ።

ያኔ ማስተማር ከጀመርኩ ብዙም አልቆየሁም፤ ከትምህርት ቤት ስወጣ ሱቁ ውስጥ አግዝ ነበር። ሁለት ወጣት ሻጮች ነበሩን፣ አንድ ወንድና አንዲት ሴት። መጀመሪያ አንድ ነገር ላስረዳ። በቡና አገር ልብስ በደንብ የሚሸጠው ቡና ሲለቀም ነው። ገበሬው እጁ ላይ ብር የሚገባው፣ ለልጆቹ ሸሚዝ፣ ለሚስቱ ሻሽ የሚገዛው ያን ጊዜ ነው። ሠራተኛ የሚጠፋውም ያን ጊዜ ነው፤ ለቀማ ከሱቅ ደመወዝ ይሻላላ! ስለዚህ ነጋዴው ሁሉ በየዓመቱ ሻጮቹን ለማስቀረት ይጨነቃል።

በጥቅምት መጨረሻ ሻጩ ልጅ፣ "አባባ፣ ከሰኮሩ ወዲያ አጎቴ ዘንድ ለቀማ ልሄድ ነው" አለ። አባቴ ደነገጠ። ልጁ የገበሬውን ወገብ በዓይኑ ለክቶ ልክክ የሚል ሱሪ የሚያወርድ፣ በኦሮምኛ እያሳቀ የሚሸጥ ነበር።

ልጅቷ ጣቃ እየጠቀለለች ጠጋ አለችኝ። "ለቀማ አይደለም። ለውትድርና የሚያፍሱትን ፈርቶ ነው።"

ለአባቴ ነገርኩት። "እንግዲያውስ የቀበሌውን ሹም ሽማግሌ አድርጌ እልክበታለሁ" አለ። "የሚያፍሰው ቀበሌው ነው፤ ሽማግሌ ግን በቃሉ ይታሰራል፤ እሺ ያሰኘውን ልጅ አሳልፎ አይሰጥም።"

ይህን ከልቡ ያምን ነበር። በእኛ ዘንድ ሽማግሌ ጠብ ብቻ አያበርድም፣ ሠራተኛም ያስቀራል። እሺ እስኪባል አይቀመጥም፤ ወጣት ደግሞ ሽበት አቁሞ አይከራከርም።

ዓርብ ከስግደት በኋላ ሹሙ ከአንድ ሽማግሌ ነጋዴ ጋር መጣ።

"ኧረ ይቀመጡ አባባ!" አለ ልጁ ለነጋዴው።

"እሺ ሳትል? ወላሂ አልቀመጥም! ጉልበቴ ቢከዳኝ ኃጢአቱ ያንተ ነው።"

ሹሙ ሳቀ። "ምነው አላበህ? ወይስ የምትሸሸው ነገር አለ?"

"ምንም የለም፣ ጓድ።"

"እንግዲያው ቆይ። እኔ እያለሁ ማን ይነካሃል?"

ልጁ ወለል ወለሉን እያየ "እሺ" አለ። ሹሙ ፊት ፈርቻለሁ ማለት እሸሻለሁ ማለት ነበርና ሌላ መልስ አልነበረውም። ሽማግሌዎቹ ተቀመጡ፣ መረቁት። አባቴም ከመስቀያው አዲስ ኮት አውርዶ አለበሰው። የልጁ ፊት ግን እንደ ጠቆረ ቀረ።

ኅዳርን ሙሉ ሲሸጥ ከረመ። በአንድ የገበያ ቀን ሱቁ በገበሬ ተሞልቶ ሳለ ታጣቂዎች ገቡና ሸሚዝ ያጥፍ የነበረውን ልጅ ከባንኮኒው ጀርባ ጎትተው አወጡት። አባቴ ጫማውን ሳያጠልቅ ወደ ቀበሌ ሮጠ፤ እኔም ተከተልኩት። ሹሙ ደጅ ቆሞ ነበር።

"ሽማግሌ ሆነህ!" አለ አባቴ።

"ኮታ ነው፣ ከላይ የመጣ። ማል ጎና? ምን ላድርግ? ሽምግልና ሌላ፣ ሥራ ሌላ።"

የልጁ ወሬ ከዚያ በኋላ አልተሰማም። እናቱ በየሳምንቱ ከሰኮሩ እየመጣች ሱቁ ደጃፍ ትቀመጥ ነበር።

ብዙም ሳይቆይ ልጅቷም ልሂድ አለች። ያ ሽማግሌ ነጋዴ፣ "እንደገና እንምጣ?" ብሎ አባቴን ጠየቀው። አባቴ ሸኝቶት በሩን ዘጋና፣ "ልጄ፣ ምንድን ነው የፈራሽው?" አላት። ወንበር ስቦም አጠገቧ ተቀመጠ፤ አልቸኮለም።

"ታናሽ ወንድሜ ዕድሜው ለውትድርና እየደረሰ ነው" አለች በመጨረሻ። "ከከተማ ላወጣው ነው።"

"ሂጂ" አላት።

የለቀማውን ገበያ እኔና እሱ ብቻችንን ጨረስነው።

ወጣት ቀጥራችሁ የምታሠሩ፣ እባካችሁ ይህን ሞክሩት። ልጁ ልሂድ ሲላችሁ ሽማግሌ አትላኩበት። ማንም በሌለበት ብቻውን ጠይቁት፤ እስኪናገር ዝም በሉ፤ ከሰማችሁ በኋላም ሂድ ለማለት ልባችሁን አዘጋጁ።