የሀጂራ ላይሰንስና የእኔ ፊርማ

ሀጂራን ያስባረራት ወረቀት ላይ የእኔ ፊርማ አለበት። ይህን ደብቄ የሷን ታሪክ ባወራ ከሌሎቹ አልሻልም፤ ስለዚህ ከዚያው ልጀምር።

ሀጂራ የኮምቦልቻ ልጅ ናት። ዲቪ ደርሷቸው ከባሏ ከዓብዱና ከልጇ ከኢፋት ጋር አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ አሌክሳንድሪያ የገባችው በፈረንጆች 2006 ነው። አገር ቤት ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ አሥራ አንድ ዓመት ሠርታለች፤ ሥራ አያስፈራትም። እንግሊዝኛው ነበር የሚያስፈራት። ጠዋት ሆቴል እያጸዳች፣ ከሰዓት በኋላ የነርስ ኤይድ ኮርስ ተማረች። የጽሑፍ ፈተናውን አለፈች፣ የተግባሩን ወደቀች። በሽተኛዋን አጥባ፣ አገላብጣ፣ አንሶላውን ቀይራ ከጨረሰች በኋላ የጥሪ ደወሉን በሽተኛዋ የማትደርስበት ቦታ ትታው ወጣች። ሌላው ቢሆን ፈታኟን ይራገም ነበር። እሷ ግን፣ “ልክ ናቸው፤ ሴትየዋ ቢያማት በምን ትጠራኛለች?” አለች። በሁለተኛው አለፈች። ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ ሲዛወሩ ላይሰንሷን ወደ ሜሪላንድ አስቀይራ እኔ የምሠራበት ነርሲንግ ሆም፣ አረጋውያን የሚታገዙበት ቤት፣ ተቀጠረች። የተዋወቅነው እዚያ ነው።

ሚስስ ኮልማን የሚባሉ የሰማንያ ስምንት ዓመት አሮጊት ነበሩ፤ ጡረታ የወጡ አስተማሪ። ፀጉራቸውን ከሀጂራ በቀር ማንም እንዲነካው አይፈልጉም። እሷ ስታበጥራቸው እሳቸው እንግሊዝኛዋን ያርሙላታል፤ ስትሳሳት ጣታቸውን ያነሳሉ፣ ደግማ ትለዋለች፣ ይስቃሉ። እንዲህ ሦስት ዓመት ቆዩ።

በ2011 ጥቅምት አንድ ማክሰኞ፣ ምሳ ሰዓት ላይ፣ ሁለት ሠራተኞች ከሥራ ቀርተው ለሃያ ስድስት ሰው ሀጂራና እኔ ብቻ ነበርን። ሀጂራ ሚስስ ኮልማንን ሽንት ቤት አስቀምጣ አጠገባቸው ቆማለች። እኔ የምግብ ትሪ ይዤ በሩ ጋ ደርሻለሁ። ሱፐርቫይዘራችን ዴብራ እየተቻኮለች መጣች።

“ምግብ አዳራሽ ሂጂ፤ የበሽተኞች ቤተሰቦች መጥተው ቆመው እያዩን ነው።”

“ብቻቸውን መቆም አይችሉም። መጀመሪያ ወንበራቸው ላይ ልመልሳቸው” አለች ሀጂራ።

“እኔ አያታለሁ። አሁን ሂጂ አልኩሽ!”

ሀጂራ ሄደች። ዴብራን ስልክ ጠራትና እሷም ሄደች። አምስት ደቂቃ አልሞላም፣ ሚስስ ኮልማን ብቻቸውን ሊነሱ ሞክረው ወደቁ። ዳሌያቸው ተሰበረ።

ሺፍቱ ሲያልቅ ዴብራ ቢሮዋ ጠራችኝ። ጠረጴዛው ላይ ሁለት ወረቀት አለ። አንዱ “ያየሁትም የሰማሁትም ነገር የለም” የሚል የእኔ ቃል ነው፤ እኔ ሳልናገረው ተጽፎ የጠበቀኝ። ሁለተኛው የላይሰንሴ ማደሻ ፎርም ነው። የእኔ ላይሰንስ ሊያበቃ ሁለት ወር ቀርቶታል፤ የሠራሁበትን ሰዓት አረጋግጣ የምትፈርመው እሷ ናት። ምንም አላስፈራራችኝም፤ ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን አድርጋ እስክሪብቶ ሰጠችኝ። ፈረምኩ። እሷም ፈረመችልኝ።

ሀጂራ በማግስቱ ተባረረች። ሪፖርቱ “ለማንም ሳትናገር በሽተኛ ጥላ ሄደች” ይላል። ከስድስት ሳምንት በኋላ ከስቴቱ ደብዳቤ መጣላት፤ ጥፋተኛ ከተባለች ስሟ በሽተኛ የበደሉ ሠራተኞች መዝገብ ላይ ይሰፍራል፣ ከዚያ በኋላ የትኛውም ነርሲንግ ሆም አይቀጥራትም።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ላንግሊ ፓርክ እኔ ቤት በአውቶቡስ መጣች። የአሥራ አራት ዓመቷ ኢፋት ደብዳቤውን ይዛ ተከትላታለች። ሻይ ላፈላ ብነሳ፣ “ተቀመጪ ጸዳለ፤ ሻይ ፍለጋ አልመጣሁም” አለችኝ።

ተቀመጥኩ።

“ትሪ ይዘሽ ቆመሽ ነበር። ‘እኔ አያታለሁ’ ስትል ሰምተሻል አይደል?”

“ሀጂራ፣ እኔ... በደንብ አልሰማሁም።”

“በደንብ ያልሰማሽውን ንገሪኛ!”

ኢፋት እናቷን እጇን ያዘቻት። “ማሚ፣ ሌትስ ጎ። ጀስት ፋይንድ አናዘር ጆብ።”

“ሥራ መች አጣሁ? ሽንት ቤት የሚታጠብበት ሆቴል ሞልቷል!” ጮኸች ሀጂራ። “ስሜን ነው! እኔ ሀጂራ የምወዳቸውን ሴትዮ ጥዬ ሄድኩ ተብሎ ሊጻፍ ነው!” ወደ እኔ ዞረች። “ፈርተሽ እንደሆነ ፈራሁ በይኝ። አልሰማሁም አትበይኝ። ወላሂ፣ ከዴብራ ይልቅ አንቺ ነሽ ያቃጠልሽኝ።”

በሩን ሳትዘጋው ሄደች።

የነርሲንግ ሆሙ ጠበቃ ጉዳዩ የሚሰማበትን ቀጠሮ ሦስት ጊዜ አስለወጠ። ጉዳዩ እስኪያልቅ የሚቀጥራት ጠፋ፤ ሀጂራ ወደ ሆቴል ጽዳት ተመለሰች። ሚስስ ኮልማን ከሆስፒታል ሳይመለሱ ሞቱ። እኔ የታደሰ ላይሰንሴን ደረቴ ላይ አንጠልጥዬ በየቀኑ ሥራ እገባለሁ።

በ2013 ጸደይ አዲስ ልጅ ተቀጠረች፤ የወይንሐረግ ትባላለች፣ ፈተናዋን ካለፈች ወር አልሞላትም። አንድ ቀን ኮሪደር ላይ የምግብ ጋሪ ስገፋ ዴብራን ሰማኋት፤ “ተዪውና ነይ፣ እኔ አየዋለሁ” ትላታለች። ያችኑ ቃል፣ በዚያው ድምፅ። ልጅቷ እሺ ብላ ልትወጣ ስትል፣ “እንዳትንቀሳቀሺ!” አልኳት በአማርኛ። ዴብራ ምን አልሻት ስትለኝ፣ “ያኔ ለሀጂራ ማለት የነበረብኝን” አልኳት። ፊቷ ቀላ። እኔ ግን ንዴቴ በሷ ላይ ብቻ አልነበረም። ለዚያ ሁሉ ጊዜ ራሴን አባብዬ የኖርኩትም አንገበገበኝ።

በዚያው ሳምንት የሀጂራን ጉዳይ ለያዘችው የስቴቱ መርማሪ ደውዬ ቃሌን ልለውጥ እንደምፈልግ ነገርኳት። ጉዳዩ የተሰማ ዕለት ሀጂራ ከዓብዱ ጋር ፊት ለፊቴ ተቀምጣለች፤ አላየችኝም። የሆነውን ሁሉ ተናገርኩ። ጠበቃው የፈረምኩትን ወረቀት አንስቶ፣ “ያኔ ዋሽተሽ ነበር ወይስ አሁን ነው የምትዋሺው?” አለኝ።

“ያኔ” አልኩ። “ላይሰንሴን ፈርቼ።”

ውሳኔው የመጣው በ2014 የካቲት ነው። “በቂ ማስረጃ አልተገኘም” ይላል። ደውዬ እንኳን ደስ አለሽ ብላት፣ “ምኑ ነው ደስ የሚለው?” አለችኝ። “አላደረገችም የሚል ቃል አለበት? አድርጋ ይሆናል፣ አልደረስንባትም ነው የሚለው!” የባሰው ደግሞ ሌላ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ በሙያው ያልሠራ ሰው እንደገና ይፈተናል። ባላጠፋችው ጥፋት ከሥራ አስወጥተው፣ አልሠራሽም ብለው ላይሰንሷን ዘጉባት።

በአርባ ሰባት ዓመቷ፣ ከኢፋት እኩዮች ጋር ተሰልፋ ተፈተነች። አለፈች።

እኔን ቃሌን በሰጠሁ በሦስተኛው ወር ሰበብ ፈልገው አሰናበቱኝ። ዴብራ ያለችበት ናት፤ እንዲያውም እድገት አግኝታለች ሲሉ ሰማሁ።

ሀጂራ አሁን ሎረል ከተማ፣ ሌላ ነርሲንግ ሆም ነው የምትሠራው። የወይንሐረግም ተከትላት እዚያ ገብታለች፤ ወሬዋን የምታቀብለኝ እሷ ናት። አንዲት ነርስ ሀጂራን በሽተኛ ትተሽ ነይ ስትላት ከኪሷ ማስታወሻ ደብተር ታወጣለች አሉ። “ጻፊልኝና ፈርሚበት፤ ያኔ እሄዳለሁ” ትላለች። እስካሁን የፈረመላት የለም። አስቸጋሪ ናት ይሏታል። እሷም ከበሽተኛዋ አጠገብ አትነቃነቅም።

ለኢድ ስደውልላት ታነሳለች። “ደህና ነኝ፣ አንቺስ?” ትለኛለች። ከዚያ ያለፈ አትለኝም፤ እኔም አልጠይቃትም።