ሴልን በእትዬ አስካለ ግቢ ያስረዳሁ ዕለት

ትናንት ማታ ሰው መጥቶ ነገረን... ጽጌ ነገ ከቡልጋ ትመጣለች። ሁሉም ደስ አለው። እኔ ግን እራቴን ሳልበላ ተኛሁ።

ምክንያቱን ልንገራችሁ። ጣልያን ጠቅልሎ ስለሄደ እንጂ ይህን ባልተነፈስኩ።

ጣልያን ገና ሳለ፣ አንድ ቀን የልደታ ማኅበር እኛ ቤት ነበር። ጠመንጃ ያዥ ሰፈር፣ ከእትዬ አስካለ ግቢ ፊት ለፊት። ጸሎት ደርሶ፣ ዳቦ ተቆርሶ፣ ጠላ እየተቀዳ ነው። ጥግ ላይ መኩሪያ ተቀምጧል። መኩሪያ የጣልያኖቹ አስተርጓሚ ነው። እናቱ የማኅበሩ አባል ነበሩ፤ ሲሞቱ በእሳቸው ቦታ ገባ። የማርያም ማኅበር ነውና ውጣ አይባል... እሱ ባለበት ደግሞ ሰው እንደ ልቡ አያወራ። ስለዚህ ሁሉም ስለ ዝናብ ያወራል።

እኔ ዝናቡ ሰለቸኝ።

ያኔ የጣልያኖቹ ክሊኒክ ውስጥ ወለል እወለውል ነበር። በዚያው ሰሞን ሐኪሙ ምን ደስ እንዳለው እንጃ፣ የሽንኩርት ልጣጭ በማይክሮስኮፕ አሳይቶኝ ሁሉን አስረዳኝ። እኔም ከጦርነቱ በፊት ትምህርት ቤት ደጅ ረግጫለሁና ራሴን ከሊቅ ቆጠርኩ።

«ሽንኩርት እኮ ውስጡ ቤት ቤት ነው» አልኳቸው። «የሰው ገላም እንደዚያው። እያንዳንዷ ቤት ሴል ትባላለች።»

«ታዲያ እኔን ማን ተከራየኝ?» አሉ አንድ ሽማግሌ። ሰው ሳቀ።

በሩ ክፍት ስለነበር የእትዬ አስካለ ግቢ ወለል ብሎ ይታያል። ሌላ ምሳሌ ምን ያደርግልኛል!

«የእትዬ አስካለ ግቢ ሴል ነው በሉ። ዙሪያውን አጥር አለው። ግን ዝም ብሎ አጥር አይደለም፤ ይመርጣል። የሚጠቅመውን ያስገባል፣ የማይጠቅመውን ከደጅ ይመልሳል።»

«እኔን ነው የሚመልሰኝ!» አለች አንዷ።

«መሐሉ ላይ እልፍኙ አለ። እትዬ አስካለ እዚያ ሆነው ያዛሉ፤ ያለ እሳቸው ቃል ግቢው ውስጥ ምንም አይሠራም።»

እትዬ አስካለ ራሳቸው ከማኅበርተኛው መሐል ተቀምጠው ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሳቁ። ሰፈራችን ውስጥ እንደ እሳቸው ኩሩ ሰው አልነበረም። አንድ ልጃቸውን ጽጌን ለብቻቸው አሳድገው፣ ስሟ በክፉ ተነስቶ አያውቅም። ጽጌ አብሮ አደጌ ናት፤ ያኔ ቡልጋ አያቷ ዘንድ ነበረች።

ሰው ሲስቅልኝ ጊዜ ባሰብኝ።

«ማድቤቱ ደግሞ ምግቡን አንድዶ ጉልበት ያደርገዋል። ሥራ የበዛበት ሴል ማድቤቱም ይበዛል። የእትዬ አስካለን ጭስ አታዩም? ለአንድ ሰው ነው ጠዋት ማታ እንዲህ የሚጨሰው?»

እናቴ ጭኔን ቆነጠጠችኝ። ያፈረችብኝ መስሎኝ ቀጠልኩ።

«ጓዳም አለው። የሽንኩርት ጓዳ ሰፊ ነው፣ ሴሉን ሊሞላው ምንም አይቀረው። የእትዬ አስካለ ጓዳ ግን ጉደኛ ነው... ባለፈው ወንፊት ልዋስ ሄጄ ብገፋው፣ ከውስጥ ተቀርቅሯል!»

ያልኩትን የሰማሁት ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው። ወንፊት ልዋስ የሄድኩ ዕለት እትዬ አስካለ አጠገቤ ቆመው ነበር። ታዲያ ከውስጥ ማን ቀረቀረው?

መኩሪያ ዋንጫውን አስቀመጠ።

«ከውስጥ?» አለ።

ያኔ ሰው የደበቀ ቤቱ ይቃጠላል፣ ራሱም ይሰቀላል።

«እስቲ እኔም ይህን ጓዳ ልየው» ብሎ ተነሳ።

እትዬ አስካለ ከመቀመጫቸው ንቅንቅ አላሉም። ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳብ አድርገው «አራስ አለችበት» አሉ።

«የምን አራስ?»

«ልጄ ናት። ጽጌ።»

«እልልታ አልሰማንም እኮ!»

«ምን ብዬ እልል ልበል?» ድምፃቸው ተንቀጠቀጠ። «አባቱ የእናንተው ሹም ነው። ስሙን እዚህ ሰው ፊት ልጥራልህ?... ወይስ ገብተህ የሕፃኑን መልክ ታያለህ?»

መኩሪያ ቀስ ብሎ ተቀመጠ። አራስ ቤት ወንድ ዘው ብሎ አይገባም፤ የሹም ገመና ውስጥ ደግሞ አስተርጓሚ አይገባም። መሬት መሬት እያየ «እንኳን ማርያም ማረቻት» አለ። ሴቶቹ ከንፈራቸውን መጠጡ። እትዬ አስካለ አንገታቸውን እንደ ደፉ ቀሩ። ያን አንገት ተደፍቶ አይቼው አላውቅም ነበር።

ሰው ሲበተን እግራቸው ላይ ወደቅኩ። ጓዳው ውስጥ የነበረው የወንድማቸው ልጅ ነው፤ እግሩን የቆሰለ አርበኛ። እናቴ ታውቅ ነበር። ከመኩሪያ በቀር ማኅበርተኛው በሙሉ ያውቅ ነበር፤ እህሉንም በየተራ የሚያቀብሉት እነሱ ናቸው።

«ለእኔ ለምን አልነገራችሁኝም?» አልኩ እያለቀስኩ።

«የአጥሩን ነገር አንቺው አስረዳሽን አይደል?» አሉኝ።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

«በይ ተነሺ» አሉ ቀጥለው። «መኩሪያ ማጣራቱ አይቀርም። የጽጌን መውለድ አገር ሁሉ ሲያወራው መስማት አለበት። ወሬ ለመንዛት ደግሞ አንቺን የሚያህል የለም።»

በማግስቱ ገንፎ ተሸክሜ፣ ሰው እያየኝ ሄድኩ። ውሃ ቀጂዎቹን አቁሜ ነገርኳቸው። ልደታ ማርያም ደጃፍ ነገርኩ። «ጽጌ ለነጭ ወለደች እኮ!» እያልኩ... እያንዳንዱን ቃል ስናገር ፊቷ ይመጣብኛል። በሥራዬ አልታማም፤ በጥቂት ቀን ያልሰማ አልቀረም። ልጁ እግሩ ድኖ ወደ ዱሩ እስኪመለስ ድረስ ያን ጓዳ የነካ የለም።

ለጽጌ ሽማግሌ ልከው የነበሩት ሰዎች ግን ተመልሰው አልመጡም።

አሁን ጣልያን ሄዷል። ወሬው ግን አልሄደም... ሰው ፊት ቆሜ ውሸት ነበር ብል እንኳ፣ ለጓደኛዋ ስትል ነው ይሉኛል። እሷ ደግሞ እስካሁን ምንም አልሰማችም፤ ነገ ስትመጣ መጀመሪያ የምታቅፈው እኔን ነው።

ያን ሁሉ ሰው ሴልን በቤት መስዬ አስረዳሁት፤ ለጽጌ ይህን በምን መስዬ እንደማስረዳት እንጃ።