ከጎንደር ጋምቤላ በቀጥታ ቢበር

ሽማግሌ የላከ ሰው አብሮ አይሄድም፤ ወጉ ነው። እኔ ግን ወጉን አበዛሁት መሰለኝ፤ ሽማግሌዎቼ ጎንደር፣ እኔ ጋምቤላ፣ ኒውላንድ ሰፈር የተከራየሁት ቤት ደጃፍ ላይ ስልክ ታቅፌ ተቀምጫለሁ። ሙቀቱ አናት ይበሳል። መምህር ነኝ፤ እሑድ ቀን ደግሞ መምህርን የሚፈልገው የለም።

ልጅቷ የሰፈራችን ልጅ ናት፤ እሺ ብላኛለች። የቀሩት አባቷ ናቸው። ከእሷ ሌላ ልጅ የላቸውም፤ ጋምቤላ ሲባል ፊታቸው ይጠቁራል። ስለዚህ ሽማግሌዎቹን የሚመራውን አጎቴን፣ የእናቴን ወንድም፣ በስልክ አሠለጠንኩት። ኢንተርኔት ላይ የከተሞችን የአየር ርቀት የሚናገር ገጽ አለ። ሁለቱን ከተሞች ስጽፍለት፣ በቀጥታ ቢበር አንድ ሰዓት ከምናምን አለኝ። ደስታዬን አትጠይቁኝ! እንዲህ ያለ ቀጥታ በረራ እንደሌለ፣ አዲስ አበባ ወርዶ ሌላ አውሮፕላን መጠበቅ፣ አንዳንዴም ማደር እንዳለ ገጹ አልጻፈም። እኔም አላነሳሁትም።

«አንተ ልጅ፣ ሽማግሌ አይዋሽም» አለኝ አጎቴ።

«ውሸት አይደለም እኮ። አንድ ሰዓት በላቸው፣ በቃ።»

አከራዬ ማታር ከምትባል የዚሁ ክልል ከተማ የመጡ ሴት ናቸው። ምሳ ሳልበላ መዋሌን አይተው ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው። ሳቁብኝ።

«በእኛ አገር አባት የሚጠይቀው ከብት ነው። አውሮፕላን የሚጠይቅ አባት አላየሁም» አሉና ዓሣ አቀረቡልኝ። ቀመስ አድርጌ ተውኩት። እሳቸውም ወደ ልጆቻቸው ገቡ። እዚህ ከመጣሁ ጀምሮ ብቸኝነትን ለምጄዋለሁ እል ነበር፤ ውሸቴን ነው። ሰዎች ተሰብስበው ስለ እኔ ኑሮ ይመክራሉ፣ እኔ አንድ ዛፍ ሥር ዝንብ አባርራለሁ።

ወደ አሥር ሰዓት ላይ አጎቴ ደወለ።

«ተቀብለው አስቀመጡን። አንድ ሰዓት ነው አልኳቸው፣ እንዳልከኝ።»

«እሺ?»

«‹አንድ ሰዓት ከሆነ ታዲያ ልጁ ለእናቱ ለምን በሣልስቷ ደረሰ?› አሉኝ።»

ወይኔ! እናቴ ያረፈችው ባለፈው ክረምት ነው። መርዶ በስልክ አይነገርምና «ትንሽ አሟታል፣ ና» ተባልኩ። የዕለቱ አውሮፕላን ሄዷል። በማግስቱ አዲስ አበባ ገባሁ፤ የጎንደሩ ሞልቷል ተብዬ እዚያው አደርኩ። ሰፈር ስደርስ ድንኳኑን አየሁ፤ እሷን ግን አላየኋትም።

«ከዚያስ?»

«‹በልጁ ቂም የለኝም፤ ጨዋ ልጅ ነው። ግን አንድ ልጄ ከተቀበርኩ በኋላ እንድትመጣልኝ አልፈልግም› አሉ። እንቢ ማለታቸው ነው እንግዲህ።»

ደሜ ፈላ። «ለመሆኑ እሳቸውን ምን አገባቸው? የእኔን መቅረት ሲቆጥሩ ነው የከረሙት?» አልኩ።

«አልነገርንህም ለካ» አለኝ አጎቴ። «እናትህን ከተሸከሟት አንዱ እኮ እሳቸው ናቸው። መቃብሩ አፍ ላይ ቆመው ‹ልጇ መንገድ ላይ ነው፣ እባካችሁ ትንሽ እንቆይላት› እያሉ ሲለምኑ ነበር። እንቢ ያልናቸው እኛ ነን።»