ከመሬቱ መስመር በታች

አንድ ጎረምሳ ከተደበቀበት ጉድጓድ ተጎትቶ ለጦርነት የተወሰደው እኔ ግድግዳ ላይ በለጠፍኩት ሥዕል ነው። ለጥፊ ብሎ ያስገደደኝ ሰው አልነበረም።

በድርቁ ዘመን ላሊበላ ውስጥ በቀበሌው መዋዕለ ሕፃናት አስተምር ነበር። ከደሴ ነው የመጣሁት። ከመምህርነት ሥልጠናው የያዝኩት ነገር ቢኖር ሕፃናትን እየመሩ ሥዕል ማሣል ነው፤ እኔ ሰሌዳው ላይ አንድ መስመር አሰምራለሁ፣ እነሱ በአሮጌ ፎርም ጀርባ ላይ በከሰል ይከተሉኛል። ቤት ልንሥል ከመሬቱ ስጀምር ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።

«እትዬ፣ ቤት ከላይ እኮ ነው የሚጀመር!»

ምን ያድርጉ፤ ከአናቱ ተጀምሮ ወደ ታች የተፈለፈለ ቤተ ክርስቲያን እያዩ ነው ያደጉት። ተረታሁላቸው። ጣሪያ፣ ግድግዳ፣ በር፣ በመጨረሻም የመሬቱን መስመር ሣልን። እዚያ ላይ አቁሙ ማለት ነበረብኝ፤ አላልኩም።

አንዲት አምስት ዓመት ገደማ የሆናት ልጅ ከመስመሩ በታች ወረደች። ጉድጓድ ሣለች፤ ውስጡ የተጋደመ ሰው፣ አጠገቡ ሳህን።

«ማነው እሱ?»

«ወንድሜ።»

ያን ዓመት ሬሳ ያልወጣበት ቤት አልነበረም። ሞቶ የተቀበረ መሰለኝ። ሳህኑን አይቼዋለሁ፤ ልጅ አይደለች ብዬ አለፍኩት። ለአብዮት በዓል የልጆቹን ሥራ ስንለጥፍ የእሷን መሀል ላይ አደረግሁት፤ ከሥሩም በቆንጆ ጽሕፈቴ ስሟን ጻፍኩበት። ደግሞ እኮ ኮርቼበት ነበር!

የቀበሌው ሊቀመንበር ሊጎበኝ መጣ። የአገሩ ልጅ ነው። ለብሔራዊ ውትድርና ተጠርተው የተሰወሩትን ልጆች ቤት ለቤት ሲፈልግ ከርሟል። ሥዕሉ ፊት ቆሞ ቀረ።

«ወንድሟ ሞቶባት ነው» አልኩት።

ሳቀ። «ለሞተ ሰው ደግሞ ምሳ ይወርድለታል?»

ልነቅለው እጄን ስዘረጋ ቀድሞኝ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተው። ሮጬ ለእናትየዋ መንገር ነበረብኝ። ፈራሁ፤ ሌላ ምክንያት የለኝም። ከሰዓት በኋላ የሊቀመንበሩ ሰዎች ወንድሟን ድርቁ ባዶ ካስቀረው የቤታቸው የእህል ጉድጓድ ጎትተው አወጡት።

በማግስቱ እናቷ መጡ። ይጮሁብኛል ብዬ ነበር፤ አልጮሁም።

«እኔ አፏን ነበር ያስጠነቀቅሁ፤ እጇንማ ማን ያስባል?» አሉኝ።

ልጅቷን ከዚያ በኋላ አያመጧትም ብዬ ነበር፤ ግን ትምህርት ቤቱ አንድ አንድ ኩባያ የእርዳታ ገንፎ ይሰጥ ስለነበር አመጧት።

ያን ሳምንት ዛፍ እንሣል አልኩ። እሷ ቤት ሣለች። ጣሪያውን፣ ግድግዳውን፣ በሩን፣ የመሬቱን መስመር ሣለች። ከዚያ ከመስመሩ በታች ያለውን ወረቀት እስኪቀደድ ድረስ በከሰል አጠቆረችው። ይዛው መጣች።

«እትዬ፣ አሁንስ ይታያል?»

«አይታይም» አልኳት።