ያላየሁትን አልጽፍም

ይህ የሆነው በኳታሩ የዓለም ዋንጫ ጊዜ፣ ደሴ፣ እኛው ሳሎን ውስጥ ነው። ታላቅ ወንድሜ ሰይድ ከሞተ ዐሥረኛ ቀኑ ነበር። በለቅሶ ቤት ሳቅኩ ብሎ መጻፍ ያሳፍራል። ግን ስቄያለሁ። ብቻዬንም አልነበርኩም። የማልረሳው ለዚህ ነው።

ሰይድ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ በፈረቃ ይሠራ ነበር። የዓመት ፈቃዱን ለዋንጫው ብሎ አጠራቅሞ ደሴ መጣ። ሲመጣ አንድ ትልቅ ካርቶን ይዞ ነበር። ገልብጦ በማስመሪያ አሰመረበት፤ ለእያንዳንዱ ጨዋታ ቦታ አወጣለት። ከዚያ መኝታ ቤታችን ግድግዳ ላይ ሰቀለው።

ሕግም ነበረው። በዓይኑ ያላየውን ጨዋታ ውጤት አይጽፍም። መብራት ጠፍቶ ያመለጠውን ባዶ ይተወዋል። "ሰው ጠይቀህ ሙላው እንጂ" ስለው፣ "ያላየሁትን አልጽፍም። ሰው ሲሳሳትስ?" ይለኛል።

ሞሮኮ የመጀመሪያ ጨዋታዋን ባዶ ለባዶ ወጣች። ሰይድ እሱን ጽፎ ሲያበቃ፣ "ሩብ ፍጻሜ ትገባለች፣ ወላሂ!" አለ። ሳቅንበት። በማግስቱ አመመው። በሦስተኛው ቀን አለፈ። አላህ ይርሃመው።

ሆስፒታል ተኝቶ፣ "ጀማል፣ ካርቶኑን አደራ። እያየህ ሙላልኝ" ብሎኝ ነበር። መሰነባበታችን አልመሰለኝም። እሺ አልኩት።

የሞተ ቀን አክስቴ ዘሃራ ቴሌቪዥኑን በአንሶላ ሸፈነችው። ጎረቤቶቻችንም የየራሳቸውን አጠፉ። ለቅሶ ካለበት ቤት አጠገብ ኳስ ማየት ነውር ነው። እንደዚህ ሆኖ ሰፈሩ ሁሉ በእኛ ምክንያት ዋንጫው ቀረበት።

አባቴ በሦስተኛው ቀን፣ "በሸሪዓው ሐዘን ሦስት ቀን ነው፤ አብሽሩ፣ ወደየሥራችሁ ሂዱ" ብሎ ለጎረቤቱ ተናግሯል። እነሱ ግን ብቻችንን ሊተዉን አልፈለጉም። ማታ ማታ እየመጡ ይቀመጣሉ። እኛ እነሱ ስላሉ ቴሌቪዥን መክፈት አንችልም። እነሱ እኛ እንዳይከፋን ብለው ቤታቸው መቅረት አይችሉም። ማንም አፍ አውጥቶ አይናገርም።

የካርቶኑ ቀሪ ቦታ ባዶውን ቀረ። ማታ ስተኛ ፊት ለፊቴ ነው። ጨዋታውን ባይ ሐዘኔን የረሳሁ ይመስለኛል። ባላይ ደግሞ አደራውን በላሁ ማለት ነው።

ከዚያ ሞሮኮ ከእስፔን ደረሳት። ካሸነፈች ሩብ ፍጻሜ ገባች ማለት ነው። እንድሪስ የሚባል የሰይድ የሥራ ባልደረባ ደወለልኝ። "ኮምቦልቻ ና። እዚህ የሚያውቅህ የለም፤ አብረን እናያለን" አለኝ። ለእናቴ የሰይድን ዕቃ ላመጣ ነው ብዬ ልዋሽ ወሰንኩ። ጫማዬን አስሬ በሩ ላይ ስደርስ ሐጂ ዑመር ገቡ።

ሐጂ ዑመር የሰፈራችን ትልቅ ሰው ናቸው። ገበያ ውስጥ የጨርቅ ሱቅ አላቸው።

"ወዴት ነው?" አሉኝ።

"ኮምቦልቻ... ዕቃ ላመጣ።"

"ዕቃ! እናትህ እንዲህ ሆና አንተ ዕቃ? ና፣ እዚህ አጠገቤ ተቀመጥ።"

ተቀመጥኩ። ሌሎቹም እየተከታተሉ መጡ። መግሪብ ተሰገደ። ጨዋታው ተጀምሯል።

በእኛ ዘንድ ትልቅ ሰው ሳይነሳ ሌላው አይነሳም። ሌላ ቀን ሐጂ ዑመር ከመግሪብ በኋላ ትንሽ ቆይተው ዱዓ አድርገው ይነሳሉ። ያን ቀን አልተነሱም። ጥምጣማቸውን እስከ ጆሮአቸው ዝቅ አድርገው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ግድግዳውን ተደግፈው ተቀመጡ። ወጣቶቹ ይቁነጠነጣሉ። አንዱ ያስላል፣ አንዱ ሰዓቱን ያያል። ዒሻ ደረሰ፤ ተሰገደ። ሐጂ ተመልሰው እዚያው ቦታቸው ቁጭ አሉ። ከወጣቶቹ አንዱ፣ "ሐጂ፣ ብርዱ እንዳይመታዎት፣ ላድርስዎት?" አለ።

"ምን አስቸኮለህ? ቤትህ እሳት ተነስቷል?" አሉት።

ወጣቱ ተመልሶ ተቀመጠ።

ብዙ ቆይቶ፣ ሐጂ ድንገት ጉልበታቸውን በጥፊ መቱ። "ኧረ በአላህ! ለጥቂት!" ብለው ራሳቸውን ያዙ።

ሴቶቹ መጋረጃው ወዲያ ነበሩ። ሐጂ ለሰይድ ወጣትነት የተንገበገቡ መሰላቸው። እናቴ፣ "እውነትዎን ነው፣ ለጥቂት! ሊድንልኝ ነበርኮ!" ብላ ለቅሶዋን ለቀቀችው። አክስቴ ተከተለቻት። ወንዶቹም ዓይናቸውን ጠረጉ። አባቴ፣ "አብሽሩ፣ አብሽሩ" እያለ ወዲያ ወዲህ ይላል።

ያኔ ነው ያየሁት። ከሐጂ ጥምጣም ሥር ቀጭን ጥቁር ገመድ ወጥቶ ወደ ኮታቸው ኪስ ይገባል። ስልካቸው ላይ ሬዲዮ ከፍተው ነበር! እኛን ሁሉ አስረው፣ ብቻቸውን ኳስ እየሰሙ!

እንዳየሁ አወቁ። ክንዴን ጨብጠው ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ። "ቤት እንዳልሰማ ባለቤቴ ከለከለችኝ። ለሐሰን ልጅ ሐዘን ነው አለች" አሉኝ። ሐሰን አባቴ ነው። ከዚያ ደግሞ በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ፣ "ፍጹም ቅጣት ምት ደርሰዋል" አሉ።

ልስቅ ነው ላለቅስ እኔም አላውቅም። አንገቴን ደፋሁ።

ሐጂ መዳፋቸውን ዘረጉ። ሰው ሁሉ ዱዓ የጀመሩ መስሎት መዳፉን ዘረጋ። ትንሽ ቆይተው "አልሐምዱሊላህ!" አሉ። እስፔን ስታለች ማለት ነው። ቤቱ "አሚን" አለ። ጥቂት ቆዩና እንደገና "አልሐምዱሊላህ!" አሉ። "አሚን።" ሦስተኛው ላይ አባቴ ግራ ተጋብቶ ያያቸው ጀመር።

ከዚያ ሐጂ ተነሱ። ሁለት ሰው ደግፎ የሚያስነሳቸው ሰውዬ ብድግ አሉ! ገመዱ ከስልኩ ተነቀለ። የጋዜጠኛው ጩኸት ሳሎኑን ሞላው። "ሞሮኮ! ሞሮኮ! ሩብ ፍጻሜ!"

ሐጂ የስልኩ ማጥፊያ ጠፋባቸው። ጋዜጠኛው ኪሳቸው ውስጥ ይጮኻል። በመጨረሻ ወስጄ አጠፋሁላቸው።

"ሐሰን፣ አውፍ በለኝ" አሉ ሐጂ።

አባቴ ኳስ አይወድም። ግን፣ "አሸነፉ?" አለ።

"አሸነፉ።"

ወደ እኔ ዞረ። "ሰይድ ብሎ አልነበረም?"

"ብሎ ነበር" አልኩ።

መጋረጃው ተገለጠ። እናቴ ብቅ አለች። ዓይኗ ቀልቷል። "ሐጂ፣ እኔኮ ለልጄ መስሎኝ አብሬዎት አለቀስኩ!" አለች።

"ለእሱም ነው ወላሂ። ለሁለቱም ነው" አሉ ሐጂ።

እናቴ ሳቀች። ሰይድ ከሞተ ያን ቀን ገና መሳቋ ነው። ከዚያ ማንም ራሱን መያዝ አልቻለም። አባቴም ፊቱን በሻሉ ሸፍኖ ትከሻው ይንቀጠቀጥ ነበር።

እንግዶቹ ሲሄዱ እስክሪብቶ ይዤ ካርቶኑ ፊት ቆምኩ። አባቴ ከኋላዬ መጣ።

"አትጽፍም?"

ሕጉን ነገርኩት። የሰማሁት እንጂ ያየሁት እንዳልሆነ። አደራውንም ነገርኩት። ለማንም ነግሬ አላውቅም ነበር።

ካርቶኑን ብዙ ጊዜ አየው። "የሚቀጥለው መቼ ነው?" አለኝ።

"ቅዳሜ። ከፖርቱጋል።"

"ቅዳሜ ዕቃውን ልናመጣ ኮምቦልቻ እንሄዳለን" አለ።

ቅዳሜ የሐረጎን ቁልቁለት በሚኒባስ ወረድን። የሰይድ ክፍል ውስጥ ፍራሽ፣ ቡታጋዝ፣ ሁለት ሸሚዝና የሥራ ቱታው ነበሩ። አባቴ ቱታውን ሁለት ጊዜ አጥፎ ፈታው፤ በሦስተኛው አጠፈው። ከዚያ እንድሪስ ኳስ ወደሚታይበት ቤት ወሰደን። አባቴ ኮቱን አውልቆ አግዳሚው ላይ ከወጣቶቹ መሀል ተቀመጠ።

"የእኛዎቹ የትኞቹ ናቸው?" አለኝ።

"ቀይ የለበሱት።"

"ፊሽካ የያዘውስ ለማን ነው የሚጫወተው?"

ቤቱ ሳቀ። እሱ ከምሩ ነበር የጠየቀው። ሞሮኮ ስታገባ ግን ከሁሉም ቀድሞ ተነሳ።

በማግስቱ ደሴ ስንመለስ እስክሪብቶውን ተቀብሎኝ ራሱ ጻፈ፦ 1 ለ 0። አክስቴ አንሶላውን አነሳች። ሞሮኮ በሚቀጥለው ስትሸነፍ ሐጂ ዑመር እኛ ቤት ነበሩ፤ አባቴ እሱንም ጻፈ።

ካርቶኑ ዛሬም ግድግዳው ላይ ነው። መጀመሪያ የሰይድ ጽሕፈት አለ፤ መጨረሻ ላይ የአባቴ። መሀሉ ባዶ ነው። የእስፔኑም ባዶ ነው። አንድ እንግዳ አይቶት፣ "እነዚህ ጨዋታዎች አልተካሄዱም እንዴ?" ብሎ ጠየቀኝ።

"እኛ ቤት አልተካሄዱም" አልኩት።