ሞተሬን የገፋሁበት ለቅሶ

ዛሬ ጠዋት ሞተሬ አልነሳ አለች። እሷ እንኳ ጤነኛ ናት፤ መርገጫዋን ስረግጥ የከዳኝ ጉልበቴ ነው። የእንጅባራ ጉም ገና አልተገለጠም፤ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ልጄ ነጠላዋን ተከናንባ ወጣችና፣ «አባዬ፣ ልግፋልህ?» አለችኝ። «አልፈልግም!» ብዬ ጮህኩባት። ምን እንዲህ እንዳስቆጣኝ ሳስብ አባቴ ትዝ አሉኝ።

ያኔ ዳንግላ የማስተምር ጎረምሳ ነበርኩ። የመጀመሪያዋን ሞተሬን ከጨረታ ገዝቼ በየቀኑ ከእንጅባራ እመላለስባት፣ በበዓል ደግሞ አገር አይባት ነበር። ባሕር ዳር ወርጄ ዓሣዬን በልቼ ተመልሻለሁ። ነፍሰ ጡር አድርሼባታለሁ፣ የድንች ዘር ጭኜባታለሁ፣ አንዴም ሙሽራ አጅቤባታለሁ። ሞተር ያለው ሰው የመንደሩ ሁሉ አህያ መሆኑን ግን ከመግዛቴ በፊት የነገረኝ አልነበረም።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ አንድ ቅዳሜ፣ ዳቦና ስኳር ይዤ ዘንገና ሐይቅ አጠገብ ወዳለው የአባቴ ቤት ሄድኩ። አባቴ ከቀርቀሃው አጥር ሥር ተቀምጠዋል፤ አለንጋቸውን ጭናቸው ላይ አጋድመዋል። ባልንጀራቸው አያ ፈንቴ ሞተው ቀብራቸው በዕለቱ አዘና በኩል ነበር። በእኛ አገር ፈረሰኛ ሲሞት ፈረሰኞች በለቅሶው ሜዳ እየዞሩ ይሸኙታል። ሁለቱ ደግሞ በወጣትነታቸው፣ «ቀድሞ ለሞተው ሌላው ይዞርለታል» ብለው ተማምለው ነበር። ምን ያደርጋል፣ አባቴ ጉልበታቸው ከከዳቸው ወዲህ ፈረስ መያዝ አቅቷቸው ዳማ ፈረሳቸውን ለወንድማቸው ሰጥተውታል።

«አባባ፣ በሞተር ላድርስዎት» አልኳቸው።

«ፈረሰኛ በሰው ጀርባ ተለጥፎ ለቅሶ ሲደርስ አይተህ ታውቃለህ? ይልቅ በእግሬ እሄዳለሁ።»

«እስከ አዘና በእግርዎ?»

እናቴ የቀቀለችውን ትኩስ ድንች በሚጥሚጣ አጥቅሰው ቀስ ብለው በሉና ተነሡ። «በል አስነሣት፣ ይችን ዶቅዶቄህን።»

መንገዱን ሁሉ የኮቴን ኮሌታ ከኋላ ጨብጠው፣ ቁልቁለት በመጣ ቁጥር እንደ ልጓም ይስቡኛል። ከዚያ ደግሞ በአዊኛ ያባብላሉ፤ እኔን ይሁን ሞተሯን አላውቅም። አንገቴ ታንቆ ገደል አለመግባታችን ዛሬም ይገርመኛል።

ከለቅሶው ሜዳ ስንቃረብ ፈረሶቹ የሞተሯን ድምፅ ሰምተው ደነበሩ፤ አንደኛው ጋላቢውን ሊጥል ምንም አልቀረው። አባቴ ኮሌታዬን ሳቡ። «አጥፋት! የፈንቴን ለቅሶ ልንበትን ነው እንዴ?» አጠፋኋትና ወረድኩ። እዚያው ቆመው የሚያለቅሱ መስሎኝ ነበር። እሳቸው ግን ወደ ፊት ተስበው የኔ ቦታ ላይ ተቀመጡ፤ በአንድ እጃቸው መሪዋን ያዙ፣ በሌላው አለንጋቸውን አነሡ።

«ግፋኝ» አሉኝ። አባቴ ሰው ሲለምኑ የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ገፋኋቸው። ሜዳው ጭቃ ነው፣ ሞተሯ ከባድ ናት። ፈረሰኞቹ ዞረው አዩን፤ ይስቁብናል ብዬ አፈርኩ። አንድ ሽማግሌ ግን ፈረሳቸውን ገታ አድርገው ከፊታቸው ቦታ ለቀቁልን። ሌሎቹም ፈረሶቻቸውን በእኛ እርምጃ ልክ ቀስ አድርገው ነዱ። አባቴ ደረታቸውን ነፍተው፣ «ፈንቴ! መጣሁልህ ወንድሜ!» እያሉ ያለቅሳሉ። እኔ ጎንበስ ብዬ እየገፋሁ የሚታየኝ ጀርባቸው ብቻ ነበር፤ እኔም አለቀስኩ። ዞረን ስንጨርስ ጭቃው ላይ ዘፍ አልኩ። የኔን ድካም አይቼ ነበር የተመለስኩት። የሳቸውን ግን ያን ጊዜ አላየሁትም።

አሁን ጡረታዬ ደርሷል። የዳንግላ መንገድ ወገቤን ጨርሶታል፤ ደክሞኛል። ለካ ከድካሙ ሁሉ የሚከብደው «ግፋኝ» ማለት ነው። አባቴ ይህን ቃል ከአፋቸው ለማውጣት ከዘንገና እስከ አዘና ፈጅቶባቸዋል።

ልጄ አኩርፋ በሩ ላይ እንደቆመች ናት። ሞተሯ ላይ ወጥቼ መሪዋን ያዝኩ።

«ነይ እስቲ፣ ግፊኝ» አልኳት።

ዞሬ አላየኋትም። እግሯ ጭቃው ላይ ሲንሸራተት ሰማሁ፤ ሞተሯም ቀስ ብላ መንቀሳቀስ ጀመረች።