ዶንግሾውና የአራስ ገንፎ

ከቻይንኛ በደንብ የማውቀው ሁለት ቃል ነው። አንደኛው «አዪ» ነው፤ አክስት ማለት ሲሆን ዘመድ ባትሆንም በዕድሜ ለገፋች ሴት የሚሰጥ የአክብሮት መጠሪያ ነው። ሁለተኛው «ዶንግሾው» ነው። ሁለቱንም ያስተማሩኝ አንድ ሰው ናቸው፤ እዚህ ፈረንጅ አገር፣ ሮዝቪል በምትባል ከተማ ውስጥ የልብስ ማስተካከያ ሱቅ የነበራቸውና እኔን ቀጥረው ያሠሩኝ ቻይናዊት ሴት። ሌላው ሰው በስማቸው ሲጠራቸው እሰማለሁ እንጂ እኔ ከአዪ ሌላ ብያቸው አላውቅም። እንግሊዝኛ አንቱታ ስለሌለው አክብሮቴን ሁሉ እዚያች ቃል ውስጥ እከት ነበር።

ጊዜው በፈረንጆቹ የሁለት ሺዎቹ አጋማሽ ነው። የሱሪ እግር እናሳጥራለን፣ የኮት ዚፕ እንቀይራለን፣ እስከ ሠርጌ እከሳለሁ ብላ ጠባብ ቀሚስ የገዛች ሙሽራ ስትመጣ ደግሞ እያጽናናን ጎኑን እናሰፋለን። የሁለታችን እንግሊዝኛ ተደምሮ አንድ ሰው በቅጡ አያናግርም ነበር። ቢሆንም ቀኑን ሙሉ እናወራለን፤ ያልተግባባንበት ቀን ትዝ አይለኝም።

እኔ ምላሴን ፈርቼ አላውቅም፣ መቀስ ግን እፈራለሁ። የሰው ልብስ ነዋ። ለክቼ በጠመኔ አሰምራለሁ፣ እንደገና እለካለሁ፣ አጥፍቼ እንደገና አሰምራለሁ፣ ከዚያ መቀሱን አነሳና ጨርቁን አየዋለሁ። አዪ ከስፌት መኪናቸው ቀና ሳይሉ «ዶንግሾው» ይሉኛል። መጀመሪያ ስድብ መስሎኝ ተቀየምኩ። ፊቴን አይተው ሥራቸውን አቆሙና እጃቸውን ከፍ አድርገው ጣቶቻቸውን እያወዛወዙ አስረዱኝ። ዶንግ ማንቀሳቀስ ነው፣ ሾው እጅ ነው። እጅሽን አንቀሳቅሺ፣ በቃ ጀምሪ፣ ወደ ሥራው ግቢ እንደማለት ነው።

ቃሉን ወደድኩት፤ ወድጄ ደግሞ አበላሸሁት። አንድ ቀን «ነገ ዶክተር ጋ ዶንግሾው አደርጋለሁ» ብላቸው ሳቁብኝ። መንገድ ለመነሳት ሌላ ቃል አለው አሉ፤ እዚያ ላይ የሚንቀሳቀሰው ገላ ነው። ዶንግሾው ግን እጅ ለሚሠራው ነው፤ ለወጥ፣ ለስፌት፣ ለተበላሸ ቧንቧ። ደንበኛ ሲደራረብ ከቃሉ ፊት «ክዋይ» ይጨምሩበታል፣ ቶሎ ማለት ነው። መነጽሬን ትቼ መጥቼ መርፌ ክር አስገቡልኝ ስላቸው ደግሞ «ዚጂ ዶንግሾው» ይላሉ፣ በገዛ እጅሽ። እየቆየ እኔም እሳቸው ላይ መለስኩት። ምሳቸውን ረስተው ሲሰፉ ሳህናቸውን ፊታቸው አስቀምጬ «አዪ፣ ክዋይ ዶንግሾው» ስላቸው ደስ ይላቸዋል።

ያን ዓመት እኔና ልጄ አንነጋገርም ነበር። ያለችኝ እሷ ብቻ ናት። አገሬ ወልጃት፣ ገና አፏን ስትፈታ ይዣት መጣሁ፤ እዚህ አደገችና በአማርኛ ስጠይቃት በእንግሊዝኛ የምትመልስ ልጅ ሆነች። ከዕለታት አንድ ቀን ስልክ ደወለችና ማግባቷን ነገረችኝ። ልታገባ ነው አይደለም፣ አግብታለች። ፍርድ ቤት ሄደው ተፈራርመዋል። ልጁ ቤተሰቡ በኦሮምኛ የሚያወራ የሐረርጌ ልጅ ነው፣ እሱን አልተቃወምኩም፤ አላውቀውም እንኳ። የቆጨኝ ሌላ ነው። ሽማግሌ አልተላከብኝም። ልጃችሁን ለልጃችን ያለኝ ሰው የለም፤ በሬን ያንኳኳ የለም፤ እንቢ ብዬ፣ ተለምኜ፣ በመጨረሻ እሺ የምልባትን ቀን ነጠቁኝ። እሷ የማይሆን ተናገረች፣ እኔም የማይሆን ተናገርኩ። ስልኩን ማን ቀድሞ እንደዘጋው እስከ ዛሬ አልተስማማንም።

አባቷ ጠብ የማይወድ ሰው ነው። ኤርፖርት ታክሲ ይነዳል፤ እዚያው ተራ ሲጠብቁ ከሚያወጉ ጓደኞቹ ሦስት የተከበሩ ሰዎች መረጠና በእኔና በእሷ መካከል ሽማግሌ አድርጎ አስገባ። ሰዎቹ መጡ፣ አዳመጡኝ፣ እሷንም ሄደው አዳመጧት። እኛ እስክናገናኛችሁ እንዳትደዋወሉ፣ ነገሩ እንዳይበላሽ፣ አሉን። ደንቡ ነው። ነገሩ ሽማግሌ እጅ ከገባ በኋላ በራስ ዘሎ መሄድ ነውር ነው፤ ሽማግሌ ረገጠች ይባላል። እኔ ደግሞ ሽማግሌ አልተላከብኝም ብዬ የተጣላሁ ሴት፣ በምን አፌ ሽማግሌ እረግጣለሁ?

ችግሩ ሽማግሌዎቹ መገናኘት አልቻሉም። አንደኛው የሚነዳው ከንጋት ጀምሮ ነው፣ ሁለተኛው ከሰዓት በኋላ ይወጣል፣ ሦስተኛው እንጀራው ቅዳሜና እሁድ ነው። ሦስቱ ባንድ ላይ ካልሆኑ ደግሞ እርቅ አይሆንም አሉ። በጋው አለፈ፣ ቅጠሉ ረገፈ፣ በረዶ ጣለ። በረዶ ሲጥል አውሮፕላኑ ይዘገያል፣ ሽማግሌዎቼም አብረው ይዘገያሉ።

እርጉዝ መሆኗን የሰማሁት ከአንዱ ሽማግሌ ነው፤ እሱም የመጣው ቀጠሮውን ለማራዘም ነበር። ማግስቱን ሱቅ ስገባ መጸዳጃ ቤት ዘግቼ አለቀስኩ። ደስ ብሎኝ ነው፣ ተናድጄም ነው። የኔ እናት እኔ ስወልድ አርባውን ቀን ከጎኔ አልተለየችም፤ ገላዬን አጥባ፣ ወገቤን አስራ፣ ገንፎ በእጇ አጉርሳ ነው ያነሳችኝ። ልጄ አጠገባችን ባለው ከተማ ሲዋርድ ሰፈር ነው ያለችው፣ በመኪና ቅርብ። ያለ እኔ ትወልድና ያለ እኔ ትታረስ ይሆን እያልኩ ልቤ ይደማ ነበር። ሌላው ሁሉ፣ ሠርጉም ሽማግሌውም፣ ከዚያ በኋላ ትንሽ ሆነብኝ፤ አፌ ግን ገና እሺ አላለም።

የሱቁን እረፍት ጠብቄ ለስላሳ ነጭ ፍላኔል ገዛሁ፣ ለሕፃን መጠቅለያ። መሳቢያዬ ውስጥ ከተትኩት። እቤት ደግሞ የገብስ ዱቄት አስፈጭቼ ከቅቤው ጋር ፍሪዘር ውስጥ አስቀመጥኩ፣ ለማን እንደሆነ ለራሴም ሳልነግር። አዪ ጨርቁን አንስተው አዩና መልሰው አጠፉት። ምን እንዳስታወሳቸው ገባኝ፤ የራሳቸው ልጅ ስትወልድ እሳቸው እዚህ ነበሩ፣ እሷ ቻይና። እነሱም እንደኛ አራሷን ወሩን ሙሉ ከቤት አያስወጧትም፣ በሾርባ ነው የሚያነሷት። «እኔ ሾርባውን በስልክ ሠራሁ» አሉኝ አንድ ጊዜ። ዝንጅብሉን ጨምሩ፣ እሳቱን ቀንሱ እያሉ በስልክ። ይህን ሲነግሩኝ አላለቀሱም፤ የሚሰፉትን ግን ፈተው እንደገና ሰፉት።

ስለ ሽማግሌዎቹ ላስረዳቸው ብዙ ደከምኩ። ሰምተው ሰምተው አፋቸውን በጣታቸው ነካ አደረጉና «ዶንግኮው» አሉ። ኮው አፍ ነው። አፍ የሚያንቀሳቅሱ ሰዎች ናቸው ማለታቸው ነው። ሽማግሌዎቼ ስለተነኩብኝ ከፋኝ፤ ግን ደግሞ ሳቄ መጣ።

«እሺ እኔ ዶንግሾው ላድርጋ» አልኳቸው። «ልሂድና ልታረቃት?»

አዪ መኪናውን አቁመው አሰቡበት። «እርቅ ላይ ይኼ ቃል አይሆንም» አሉ። «እርቅ ልብ ነው። እጅ የሚይዘው ነገር ይፈልጋል።»

መልሳቸው ተስፋ አስቆረጠኝ። አንድ የማውቀው ቃል የምፈልገው ቦታ ላይ አልሠራ አለኝ።

የወለደች ቀን ባሌ ሱቅ ደወለ። «ወለደች» አለኝ። «ሴት ናት። ሁለቱም ደህና ናቸው።» ከኋላው የታክሲዎቹ ጥሩምባ ይሰማል።

«እንሂዳ» አልኩት።

«ቆይ፣ ታገሺ። ሽማግሌዎቹ እሁድ ይሞክራሉ። አንዱ ሺፍቱን ቼንጅ ሊያደርግ ነው።»

«ሕፃኗም ሺፍት አላት?» አልኩና ዘጋሁት። ይኼኛውን እኔ ነኝ የዘጋሁት፣ አልክድም።

ቆሜ ቀረሁ። አዪ ከስፌት መኪናቸው ተነሱ። መሳቢያዬን ከፍተው ፍላኔሉን አወጡ፣ ጠረጴዛው ላይ ዘረጉት፣ በመዳፋቸው ደልደል አደረጉት። መቀሱን አጠገቡ አስቀመጡ። ከዚያ ያቺን ቃል አሉኝ፤ እንደ ሁልጊዜው ጮክ ብለው አይደለም፣ ቀስ ብለው፣ ለታመመ ሰው እንደሚናገሩት።

አልለካሁም። ጠመኔም አላነሳሁም። ቆረጥኩ። ጨርቁ ተከፈለና እጄ ውስጥ የሆነ ነገር አብሮ ተፈታ። ጠርዙን አጥፌ በመኪና ሰፋሁት፤ አራቱን ማዕዘን አዪ በእጅ ሰፍተው ጨረሱልኝ። አልቆ ሳጥፈው እጄ ሥራ መፍታት አልፈለገም። የሚቀጥለው ሥራ ምን እንደሆነ ያኔ አወቅኩ። እርቅ አይደለም፤ እርቁ የሽማግሌዎቹ ነው፣ ሺፍታቸው ሲገጥም ያምጡት። የኔ ገንፎ ነው። ልጇ የወለደችላት እናት ለአራሷ ገንፎ ልታገነፋ ስትሄድ ሽማግሌ ረገጠች የሚላት ካለ፣ መጥቶ እፊቴ ይበለኝ አልኩ።

ሆስፒታል ብዙ አልቆየችም፤ በማግስቱ ወደ ቤቷ እንደተመለሰች ከባሌ ሰማሁ። በነጋታው ጠዋት ዱቄቱን፣ ቅቤውን፣ በርበሬውን፣ ከአገሬ ያመጣሁትን ረጅም የእንጨት ማማሰያ ያዝኩና ከምኖርበት ከሴንት ፖል ወደ ሲዋርድ ነዳሁ። መንገዱ በረዶ ስለነበረ ቀስ ብዬ ነው የነዳሁት። ማማሰያው ከጎኔ ተቀምጦ እንደ ሰው ቀበቶ አስሬለት ነበር፤ ለምን እንዳሰርኩት እንጃ።

ባሏ፣ ያ የሐረርጌ ልጅ፣ በሩን ከፈተ። እጁ እስከ ክርኑ ዱቄት ነው። ስልኩን በትከሻና በጆሮው መካከል ይዟል፤ ከውስጡ የሴት ድምፅ በኦሮምኛ ያዝዛል፤ እናቱ ናቸው፣ ከድሬዳዋ። ከኋላው ምድጃው ላይ ድስት ይንተከተካል፣ ያረረ ያረረ ይሸታል። አንድ ጊዜ አየኝ፣ አንድ ጊዜ ማማሰያውን አየ። የዚያ ልጅ ፊት ላይ ያየሁትን እፎይታ የትኛውም ሽማግሌ አያመጣውም።

«እናቴ፣ ጓጎለብኝ» አለኝ። መጀመሪያ የነገረኝ ቃል ይኼ ነው።

«በምን እያማሰልክ ነው?»

በሹካ ነው። ጫማዬን አወለቅኩና «ወዲያ በል» አልኩት። ድስቱን ደፍቼ አጠብኩ፣ ውሃ ጣድኩ። ዱቄቱን ነስነስ ነስነስ እያደረግሁ ማማሰያውን ያዝኩ። ገንፎ ጉልበት ይፈልጋል፤ ድስቱን በፎጣ ጨብጬ፣ ትከሻዬ እስኪዝል አሸሁት። ልጁ አጠገቤ ቆሞ የሚያየውን ለእናቱ በስልክ ይነግራቸዋል። እሳቸውም ከዚያ ማዶ የሆነ ነገር አሉና «ውሃ ይብዛበት ይላሉ» አለኝ። «እሺ በላቸው» አልኩት፤ አልጨመርኩም።

በሳህን አውጥቼ መሐሉን ጎድጎድ አደረግኩ፣ ቅቤና በርበሬውን ሞላሁበት። ይዤ ወደ መኝታ ክፍሉ ገባሁ።

ትራስ ተደግፋ ተቀምጣለች። ፊቷ ገርጥቷል። ሕፃኗ ክንዷ ላይ ተኝታለች፣ በሆስፒታል ጨርቅ ተጠቅልላ። ድምፄን ከወጥ ቤት ሰምታ ሳትጠራኝ ቆይታለች፤ ለካ እሷም ነገሩ እንዳይበላሽ ብላ ፈርታ ነው። ሳህኑን አየች፣ እኔን አየች።

«ሽማግሌዎቹ መጡ እንዴ?» አለችኝ።

«ሺፍት ላይ ናቸው።»

«ሳይመጡ እንዳትደውዪ ብለውኝ እኮ ነው» አለችና ወደ እንግሊዝኛዋ ዞረች። «ማሚ፣ አይ ወዝ ዌይቲንግ።»

ሁለታችንም ደንብ አክብረን፣ ከተማ ለከተማ ተቀምጠን፣ እኔ ቅቤዬን ፍሪዘር ውስጥ እሷ ስልኳን እጇ ላይ ይዘን ስንጠብቅ ከረምን። ይቅርታውን ለሽማግሌዎቹ ተውኩላቸው። እሷም እንደዚያው። ፍላኔሉን ከቦርሳዬ አወጣሁና ሕፃኗን በጨርቋ ላይ ደርቤ ጠቀለልኳት። ትንሽዬ ግንባሯን ስስም የልጄ ሽታ ሸተተኝ፣ የድሮው።

ልጄ ሕፃኗን ታቅፋ እጇ አልተረፈላትም። ስለዚህ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ፣ ከገንፎው ቆረስኩ፣ ቅቤው ውስጥ ነከርኩ፣ እፍ ብዬ አበረድኩና አጎረስኳት። እንባዋ እየወረደ ዋጠች። አንዴ አጎረስኳት፣ ደገምኳት። ስትውጥ ግንባሯን ቋጠር አደረገች፤ ከሕፃንነቷ ጀምሮ የሠራሁትን ሁሉ ስትቀምስ የምታደርገው ነው፤ እቤቴ ይህን ሳላይ ስንት ጊዜ ለብቻዬ በላሁ።

«ጨው ያንሰዋል» አለችኝ፣ በአማርኛ።

ጨው ላመጣ ተነሳሁ።